የሞተር ዘይት ፍሰት ምንድን ነው? ግፊት አይደለም!

«ጌጁ 80 ፒኤስአይ ያሳያል፣ ሞተሩ ዘይት ጠግቧል።» የድሮ ስፖርት መኪና ሞተር አውርዶ ያደሰ ሁሉ ይቺን ይላታል። በቃ ሰለቸኝ። 80 ያለው ግፊቱ ነው። ስለ ፍሰቱ ጌጁ ምንም አላለም።

ፍሰት ማለት በደቂቃ ስንት ሊትር ዘይት በብሮንዚኖቹ (ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዋና ዘንግ፣ አቅፈው በሚይዙት ማረፊያዎች) በኩል እንደሚያልፍ ነው። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ነው፤ ግፊት የሚመጣው መንገዱ ሲጠበው ነው።

የሰው ደም ግፊትን አስቡት። ሥሩ ሲጠብ ግፊቱ ይወጣል፤ ግን «ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ሐኪም የለም። ዋናው ደሙ ጣት ጫፍ መድረሱ ነው። ሞተር ላይ ልቡ ፓምፑ፣ ሥሩ ብሎኩ ውስጥ ያለው የዘይት መንገድ፣ ጣት ጫፉ ደግሞ የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን ነው። አንዱ ብሮንዚን ከመጠን በላይ ከላላ ልክ እንደ ቁስል ዘይቱ እዚያ ይፈሳል፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ይራባል።

«ታዲያ ክራንክሻፍቱን ከብሮንዚኑ የሚያርቀው የፓምፑ ግፊት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚከራከረኝ አለ። አይደለም! ክራንክሻፍቱ ሲሽከረከር ራሱ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ቦታ ይጎትተዋል፣ እዚያ የሚፈጠረው ግፊት ከፓምፑ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የፓምፑ ሥራ የወጣውን መተካት ነው፣ የሚያልፈውም ዘይት ሙቀቱን ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ በክራንክሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የተለመደው መነሻ የዘንጉ ውፍረት አንድ ሺህኛ ነው፤ ለ60 ሚሊሜትር 0.06 ሚሊሜትር ማለት ነው። ክፍተቱ እጥፍ ቢሆን በዚያው ግፊት የሚያልፈው ዘይት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፣ ለዚህ ነው በዓይን መገመት የማይሆነው፤ ሲለካም የብሮንዚኑ ቆብ ብሎኖች በትክክለኛው ኃይል ታስረው መሆን አለበት። (ይህ ሁሉ በከፍተኛ ዙር ለሚነዳ ሞተር ነው። ለሽርሽር ብቻ ከሆነ የፋብሪካውን ልክ አትንኩ።)

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ትልቅ ፓምፕ ግጠምና ተገላገል» የሚለው ምክር ነው። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ቫልቭ ተከፍቶ ትርፉን ይመልሰዋል። ትልቁ ፓምፕ እዚያ ላይ የሚጨምረው ሙቀትና የሞተር ጉልበት ብክነት ነው። ብሶ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ዘይቱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ይከማቻል፣ በመመለሻው ቀዳዳ ቶሎ አይወርድም፣ ከታች ያለው ቋት ይጎድልና ፓምፑ አየር ይስባል። ብዙ አሮጌ ሞተር ላይ ወደ ሮከሮቹ (ቴስታታው ላይ የሲሊንደሮቹን ቫልቮች የሚከፍቱት ክንዶች) የሚሄደውን ቀዳዳ ማጥበብና መመለሻዎቹን ማጽዳት ከፓምፑ ይበልጣል።

ፎርድ በ1965 እ.ኤ.አ. 427 ለተባለው ሞተሩ ያደረገውን እዩ። በፊት ዘይቱ መጀመሪያ ካምሻፍቱን (የሲሊንደሮቹን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ)፣ ከዚያ የክራንክሻፍቱን ብሮንዚኖች ይመግብ ነበር። በብሎኩ ጎን አዲስ መንገድ ቀደዱና ክራንክሻፍቱን አስቀደሙ። የተፈታው በፍሰቱ አቅጣጫ ነው።

ትልቅ ፓምፕ ቦታ የለውም አልልም። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የሰፋ ሞተር ሞቆ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ላይ ግፊቱ ከወረደ ይረዳል። ሌላው ግን በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ካገኘ ይበቃዋል፤ በ6,000 ዙር 60 ማለት ነው፣ 80 አይደለም።