ካሲዮፒያ፣ ጭላዳ እና እምቦጭ፦ ስለ ስማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ የኮከብ ወሬ ከተነሳ ሁሉም የሚለው አለው። የቆሎ ተማሪው የሚለው፣ የፊዚክስ መምህሩ የሚለው፣ እንግዳ ይዞ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው አስጎብኚ የሚለው ይለያያል። አብዛኛው ግማሽ እውነት አለው። ስለዚህ ስለ ከዋክብት፣ እንዲሁም ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ስም ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ነበረች፤ ስለዚህ የእኛ ናት»

በህዳር ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ቀና በሉ። ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ የሚመስል ቅርጽ የሠሩ አምስት ደማቅ ኮከቦች ታያላችሁ። ካሲዮፒያ ማለት እነሱ ናቸው።

ተረቱ የግሪኮች ነው። የኤቲዮፒያ ንጉሥ የኬፊየስ ሚስት ካሲዮፒያ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ተኩራራች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣና አውሬ ላከ። አገር እንዲድን ልጇ አንድሮሜዳ ከዓለት ጋር ታሰረች። ጀግናው ፐርሲየስ የጭራቋን የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ ይዞ ሲመለስ ደረሰላት፤ አውሬውን ገድሎ አገባት። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ልጅቱ፣ ጀግናውና አውሬው አምስቱም በሰማይ ካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስህተቱ «ስለዚህ» የምትለዋ ላይ ነው። የጥንት ግሪኮች «ኤቲዮፒያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ ጥቁር ሕዝብ የሚኖርበትን ሰፊ ምድር በጅምላ ማለታቸው ነበር። ድንበሩ የዛሬዋ አገራችን ድንበር አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ የጥንት ጸሐፊዎች አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዓለት ኢዮጴ ላይ ያደርጉታል፤ የዛሬዋ ጃፋ ማለት ነው። ካሲዮፒያ የተረት ንግሥት ናት። እንደ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ድረስ ወጥተን የግቢዋን ፍርስራሽ የምናይላት ሰው አይደለችም።

ያም ሆኖ ስሟ ደስ ይለኛል። በዓለም ሁሉ የሰማይ ካርታ ላይ የአንድ ጥቁር ሕዝብ ንግሥት መኖሯ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ይወቋት፤ ተረት መሆኑንም አብረው ይወቁ።

ሌላም ነገር አለ። አምስቱ ኮከቦች ጎን ለጎን የተቀመጡ ይምሰሉ እንጂ ርቀታቸው በጣም ይለያያል። ካፍ የምትባለው ከእኛ 54 የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ ትርቃለች፤ ሸዳር ግን ከ200 የብርሃን ዓመት በላይ። ቅርጹ የሚታየው እኛ ካለንበት ስለምናይ ነው።

«የከዋክብት ስም ሁሉ ግሪክኛ ነው»

ሰዎች ኮከቦችን እያያያዙ ሰማይ ላይ ያዩአቸው ሥዕሎች በብዛት ከግሪክ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በፊት ከባቢሎን የመጡ ናቸው። የነጠላ ኮከቦቹ ስም ግን አብዛኛው ዐረብኛ ነው። የጥንቱን የሥነ ፈለክ ሊቅ የበጥሊሞስን የኮከብ መጽሐፍ ከግሪክኛ ወደ ዐረብኛ መልሰው፣ ፈትሸውና አርመው ያቆዩት በእስላሙ ዓለም የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ የከዋክብት መጽሐፉን ያዘጋጀው አል ሱፊ ከእነሱ አንዱ ነው።

የከተራ ዕለት አፄ ፋሲል መዋኛ የሚያድር ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ኦሪዮን አናት ላይ ይደርሳል፤ ሦስቱ የቀበቶው ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። አዳኙ ኦሪዮን የግሪክ ነው። እግሩ ላይ ያለው ደማቁ ሪጀል ግን ስሙ ዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም እግር። በተረቱ ኦሪዮንን የገደለው ጊንጥ ነው። ሰማዩም ላይ ኦሪዮን በምዕራብ ሲጠልቅ ነው ጊንጡ በምሥራቅ ብቅ የሚለው።

እኔ ከሁሉ የምወደው አልጎልን ነው። ፐርሲየስ የያዘው የሜዱሳ ራስ ላይ የሚገኝ ኮከብ ነው። ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የጭራቅ ራስ እንደ ማለት ነው። ይህ ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል። ደብዝዞ እስኪመለስ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ከአጠገቡ ካሉት ኮከቦች ጋር እያወዳደሩ ማየት ይበቃል። ነገሩ የጭራቅ ሥራ አይደለም። ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ ይዞራሉ፤ ደብዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ይጋርደዋል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1783 ያቀረበው መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ጆን ጉድሪክ ነበር።

«ሐመል፣ ሰውር፣ ሸርጣን የግዕዝ ስሞች ናቸው»

አይደሉም። የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ በሆነው አውደ ነገሥት ላይ ስለምናገኛቸው የእኛው ይመስሉናል እንጂ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ሐመል የበግ ጠቦት፣ ሰውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ ሑት ዓሣ ነው። ግዕዝ ቢሆኑማ አንበሳው አንበሳ፣ ዓሣውም ዓሣ ተብለው ይቀሩ ነበር።

«ህብረ ከዋክብት ሁሉ ከአፈ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው»

ህብረ ከዋክብት ማለት እንደ ካሲዮፒያና ኦሪዮን በአንድ ስም የሚጠሩ የኮከቦች ስብስቦች ናቸው። ዛሬ በይፋ የሚታወቁት 88 ናቸው። በጥሊሞስ የዘረዘረው 48 ብቻ ነው። ከተጨመሩት መካከል ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላካይ እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ሰማዩን አጥንቶ የሰየማቸው አሉ። ቴሌስኮፕ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የአየር ፓምፕ! በእነዚህ ውስጥ አምላክም ጀግናም የለም።

«ፕላኔቶቹ የግሪክ አማልክት ስም ነው ያላቸው»

ማርስ፣ ቬኑስ፣ ጁፒተር የሮማውያን አማልክት ናቸው። ከስምንቱ ፕላኔቶች የግሪክ አምላክ ስም የያዘው ዩራነስ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1781 ያገኘው ዊልያም ሄርሸል በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። ዩራነስ የሚለውን ስም ያመጣው ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቦደ ነው። በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ክላፕሮት አዲስ ያገኘውን ንጥረ ነገር በፕላኔቱ ስም ዩራኒየም አለው።

«ከአፈ ታሪክ የመጣ የእንስሳና የዕፅዋት ስም ጠባያቸውን ይናገራል»

ሁልጊዜ አይደለም። በአዋሽ አካባቢ የሚታየውን ሐማድርያስ ዝንጀሮ ውሰዱ። ሐማድርያስ በግሪኮች ተረት ሕይወቷ ከአንድ ዛፍ ጋር የተቆራኘ የዛፍ መንፈስ ናት። ዝንጀሮው ግን ደረቅ ምድር ላይ የሚውል፣ ሌሊቱን ገደል ላይ የሚያድር ነው። የእኛ ገበሬ ከማሳው የሚያባርረው ዝንጀሮ ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒዮ አኑቢስ ነው። እዚህ ላይ ስሙ ልክ ገብቷል። አኑቢስ የውሻ መልክ ያለው የግብፆች አምላክ ነው፤ ዝንጀሮውም አፉ እንደ ውሻ የሾለ ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ የእምቦጭ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ የውሃ ሃያሲንት ይሉታል። ሃያሲንት የግሪኮች አምላክ አፖሎ በወረወረው ዲስከስ ተመትቶ የሞተ የስፓርታ ወጣት ነው፤ ከደሙ አበባ በቀለ ይላል ተረቱ። እምቦጭ ግን ከዚያ አበባ ጋር በዘር አይገናኝም፤ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ስሙን ወረሰ። የደምቢያ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ጣና ላይ የሚያውቀው ሌላ እምቦጭ ነው፦ ጀልባ የሚያግድ፣ መረብ የሚያጠላልፍ፣ የከብት ግጦሽ የሚያጠፋ አረም።

«ከእኛ አካባቢ ወደ ሳይንስ የገባ ስም የለም»

ይህኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ተማሪዎች ያምኑታል። የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያወጣቸውን ሳይንሳዊ ስሞች እዩ። ጭላዳ «ጌላዳ» ተብሎ ገባ። ዋልያ «ዋሊ»፣ ጉሬዛም «ጉሬዛ» ሆነው ገቡ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ስም «ሲመንሲስ» ተባለ። አንዱም የግሪክ አምላክ አልለበሰም።

የግሪክ ተረትና የአገራችን ስም የተገናኙበት አንድ ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞ ላይ ያየውን አጭር ዛፍ ከአገሬው በሰማው ስም «ጋጉኤዲ» ብሎ ጻፈው። ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ በ1791 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ፕሮቲያ ጋጉኤዲ አለው። ፕሮቲያ የተወሰደው መልኩን እንደፈለገ ከሚለዋውጠው የግሪኮች የባሕር አምላክ ከፕሮቲየስ ነው፤ ሁለተኛው ስም ግን የሊማሊሞ ሰዎች ለዛፋቸው ያወጡት ነው።