ወገብ ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ ዓይንን ይነካል ወይ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለወገብ ህመም አከርካሪ አካባቢ ስለሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ፣ ብዙ ሰው ኮርቲዞን ስለሚለው ማለቴ ነው፣ ሰው ሲሳሳት ደጋግሜ ስለምሰማ ነው የምጽፈው።

"የተወጋሁት ወገቤን፣ ዓይኔን ምን አገናኘው?"
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መድኃኒቱ የተወጋበት ቦታ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፣ በደም ደግሞ ዓይን ጋ ይደርሳል። ዓይን ውስጥ ሁሌ የሚመነጭና የሚወጣ ፈሳሽ አለ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ስቴሮይድ የመውጫውን መንገድ ይዘጋጋዋል፣ ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ግፊት ይጨምራል። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፣ ግን ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዝ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ወይም ወላጆቹ፣ ወንድም እህቶቹ ግላኮማ ያለባቸው ሰው በጣም መጠንቀቅ አለበት።

"ደም ግፊቴን ተለክቻለሁ፣ ኖርማል ነው"
የዓይን ግፊት ሌላ ነገር ነው፣ እባካችሁ አታምታቱት። የሚለካው ዓይን ላይ በራሱ መሳሪያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ኖርማል ይባላል።

"ችግር ቢኖር ያመኝ ነበር"
የዓይን ግፊት ሲጨምር ብዙ ጊዜ አያምም እኮ! የሚያስፈራውም ይሄ ነው፣ ዓይኑ ሳይቀላ ሳያም የዓይን ነርቩ ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ እይታ ከዳር ከዳር እየጠፋ ሰውየው ራሱ አያውቅም፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። በጊዜ ከተገኘ ግን ግፊቱ በዓይን ጠብታ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣም ብዙ ጊዜ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል።

"ብዥ አለብኝ፣ መነጽር ልቀይር"
ቆይ አትቸኩል። ስኳር ካለብህ መርፌው ለተወሰኑ ቀናት ስኳርህን ከፍ ያደርገዋል፣ በዛ ምክንያት ብዥታ ሊመጣ ይችላል፣ ስኳሩ ሲረጋጋ እይታህም ስለሚለወጥ ያኔ ያሰራኸው መነጽር አይሆንህም። ቀጥ ያለ መስመር ጎብጦ ከታየህ ወይም መሀል ላይ ጥላ ነገር ካለ ግን ሬቲና (ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ስር ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይደርቃል ግን ሀኪም ይየው፣ ሳይታይ ሌላ መርፌ እንዳትጨምር። ስቴሮይድ ሲደጋገም የሚመጣው የዓይን ሞራ ደግሞ በጠብታ አይጠፋም፣ ካስቸገረ መፍትሄው ኦፕራሲዮን ነው።

"እንግዲህ ጭራሽ አልወጋም"
እንደዛም አላልኩም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይሄ መርፌ ዓይነ ስውርነት፣ ስትሮክና ሽባነት፣ ሞትም ጭምር ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው ብሎ ነው። በህመም መተኛት ያቃተው ሰው ፈርቶ እንዲቀር አልፈልግም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው፣ ከመወጋትህ በፊት ስለ ዓይንህና ስለ ስኳርህ ለሚወጋህ ሀኪም ንገር፣ ከዛ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ስልክህ ላይ ጽፈህ ለዓይን ሀኪምህ አሳየው፣ ወገብህን መወጋትህን ካልነገርከው እሱም ለመጠየቅ ላያስብ ይችላል። ከመርፌው በኋላ እይታህ በድንገት ከጠፋ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።