«መኪና የነዳ ሰው ጀልባ አያቅተውም»፦ ስለ ሞተር ጀልባ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ፣ ከኋላው ሞተር የተሰቀለበት ጀልባ ገና የያዘ ሰው አንድ ነገር ሳይል አይቀርም፦ «ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ፤ ይሄማ ምን አለው?» ጣጣው የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው የተነገረውን ይሰማል፤ ሾፌር ግን እጁ የለመደውን ያደርጋል። የለመደው ደግሞ ውሃ ላይ ሦስት ጊዜ ያሳስተዋል።

አንደኛ፣ መኪና በፊት ጎማው ይታጠፋል፣ ኋላው ይከተላል። ጀልባ የሚታጠፈው በኋላው ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ሞተሩ የጀልባውን ኋላ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ የሚዞረው ኋላው ስለተገፋ ነው። ስለዚህ በቀኝህ ካለ የጀልባ ማረፊያ ለመውጣት እንደ መኪና ወደ ግራ አዙረህ ወደ ፊት ብትሄድ፣ ኋላው ማረፊያውን ይመታል፤ ሞተሩም ውሃ ውስጥ ከሚሽከረከረው ፕሮፔለር ጋር እዚያው ነው። ትክክለኛው አወጣጥ ወደ ኋላ ነው፦ መሪውን ከማረፊያው አርቀህ አዙር፣ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ኋላው ሲርቅ ቀጥ አድርግና ውጣ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅም ሕጉ ያው ነው፦ በቀኝ ከወደቀ መሪው ወደ ቀኝ። አፍንጫው ወደ ሰውየው ይዞራል፣ ፕሮፔለሩ ግን ከእሱ ይሸሻል። «ከሰውየው ላርቅ» ብሎ ወደ ግራ ያዞረ፣ ፕሮፔለሩን ሰውየው ላይ አመጣበት።

ሁለተኛ፣ መኪና ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖም መሪው ይሠራል። ይህ ሞተር ግን ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የመሪ ሰሌዳ የለውም፤ ጀልባውን የሚመራው ፕሮፔለሩ የሚወረውረው ውሃ ነው። ዜሮ ካስገባህ መሪው ከሞላ ጎደል ጌጥ ነው። ማረፊያ ሲቃረቡ ደንግጠው ነዳጁን ዘግተው መሪውን እንደ ወፍጮ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ጀልባው «እምቢ አለኝ» ይላሉ። ጀልባው እምቢ አላለም፤ መሪውን ራሳቸው አጠፉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መሪ፣ ቀጥሎ ማርሽ። ዜሮ ላይ እያለህ መሪውን ወደምትፈልገው አዙር፣ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ማርሹን አስገብተህ አንድ ሁለት ሰከንድ ግፋ፣ መልሰህ ዜሮ አድርግ፣ ጀልባው ምን እንዳደረገ ተመልከት፣ እንደገና ግፋ።

ሦስተኛ፣ ፍሬን የለም። በሙሉ ፍጥነት እየሄድክ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ብትዘጋ፣ ጀልባው ራሱ የፈጠረው ሞገድ ከኋላ ደርሶ በሞተሩ በኩል ሊገባ ይችላል፤ በተለይ ሰው ሁሉ ኋላ ከተቀመጠ።

ጀልባውን ማረፊያ ላይ ማቆምን እንግዲህ አንድ በአንድ። ነፋሱን አፍንጫህ ላይ ተቀበለው፤ ያኔ ነፋሱ ፍሬን ይሆንልሃል። ማረፊያው በግራህ ይሁን፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አግድም ቅረበው። ፍጥነትህ፣ ብትመታው የማይቆጭህ ያህል ብቻ ይሁን። አፍንጫው ሊነካ ሲል መሪውን ወደ ቀኝ አዙረህ አጭር ግፊት ስጥ፤ አፍንጫው ይርቃል፣ ኋላው ይጠጋል። ቀጥሎ ዜሮ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ የኋላ ማርሽ። ይህ ጀልባውን ያቆመዋል፣ ኋላውንም ወደ ማረፊያው ይስበዋል። ግራውን የመረጥነው በምክንያት ነው፦ አብዛኛው ነጠላ ሞተር ወደ ፊት ሲሄድ ፕሮፔለሩ ከኋላ ለሚያየው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚዞር፣ በኋላ ማርሽ የጀልባውን ኋላ ጥቂት ወደ ግራ ይጎትተዋል። ደግሞ ማንም እግሩን ወይም እጁን በጀልባውና በማረፊያው መካከል አያግባ። አሮጌ ጎማ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹ የሚነገሩ ስህተቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ማርሽ በቀስታ ይግባ፣ እንዳይጎዳ።» የሚጎዳው በቀስታ ሲገባ ነው። የካምቢዮው ጥርሶች ሳይያያዙ እየተፋጩ ጫፋቸው ይበላል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ቆፍጠን ባለ እጅ አስገባ። ከፊት ወደ ኋላ ስትቀይር ግን ዜሮ ላይ አንድ አፍታ ቆይ።

ክብ መሪ በሌለው ጀልባ፣ ሞተሩ ራሱ ላይ ባለው እጀታ ሲመራ፦ «እጀታውን ወደምሄድበት እገፋለሁ።» በተቃራኒው ነው።

«40 የፈረስ ጉልበት የትም 40 ነው።» የባሕር ወለል ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 40ው ወደ 33 ይወርዳል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ይሆናል። ሰው ግን «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ሊያስፈታው ይሮጣል። መጀመሪያ በሙሉ ጭነትና በሙሉ ነዳጅ ዙሩን ለካ። አምራቹ ከጻፈው በታች ከሆነ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ግጠም፤ በ1 ኢንች ቅናሽ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመለሳል። የጠፋው ጉልበት አይመለስም፣ ሞተሩ ግን መጨናነቁን ያቆማል።

«ዘይት ሲበዛ ሞተር ይወዳል።» ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ አብዛኛው አምራች የሚያዘው 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። የአዲስ ሞተር መለማመጃ ብቻ ይለያል፣ እሱም መመሪያው ላይ አለ። ከዚያ በላይ ካንዴላ ማጥቆር ነው። የሞተር ሳይክል ዘይትም አይሆንም፤ ጣሳው ላይ «ቲሲ ደብሊው 3» የሚል ፈልግ።

እንቦጭ ላይ ደግሞ «ነዳጅ ጨምር፣ ይቆራርጠዋል» የሚል ጀግና አይጠፋም። አይቆራርጠውም፤ ይጠቀልለዋል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውንም ይደፍነዋል። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን ቀጭን ውሃ እያየህ ንዳ፤ ከሳሳች ወይም ከቆመች ሞተሩን አጥፋ፣ ወደ ላይ አንሳው፣ አጽዳ። አንዳንዱ ሞተሩን ሳያጠፋ በእጁ ሊነቅለው ይሞክራል፤ ስለዚህኛው የምንለው የለም። የመረብ ክር ካገኘህ ፕሮፔለሩን ፈትተህ እስከ ዘንጉ ድረስ አውጣው። ክሩ የዘይት መከላከያ ጎማውን ቆርጦ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ያስገባል፤ የካምቢዮ ዘይት ወተት ሲመስል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«ሞገድ በፍጥነት ይታለፋል።» ፍጥነት ቀንስ፣ ፊት ለፊትም ጎን ለጎንም ሳይሆን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አግድም ተቀበለው። ይልቅ ጠዋት ሂድና ጠዋት ተመለስ፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

የመጨረሻው፣ ነጂው ሲወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋው ቀዩ የማጥፊያ ገመድ «ለፈሪ ነው» የሚባለው። ነጂው ከወደቀ እና ሞተሩ ካልጠፋ፣ እጀታው ወደ አንድ ጎን ይታጠፍና ጀልባው ክብ እየሠራ ወደወደቀው ሰው ይመለሳል። ገመዱን ከእጅ አንጓ ወይም ከላይፍ ጃኬት ጋር እሰረው። ትርፍ መሰኪያውን ደግሞ ኪስህ ውስጥ ሳይሆን ጀልባው ውስጥ አስቀምጥ፤ አንተ ስትወድቅ ገመዱ አብሮህ ስለሚሄድ፣ የቀሩት ሰዎች ሞተሩን አስነስተው ሊያነሱህ የሚመጡት በእሱ ነው።