እግሩ ላይ ፍልጥ ይዞ የተወለደ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኦስሎ ቡና ላይ ነን። አንዷ እናት ልጇን ከትምህርት ቤቱ የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ቀን ልታስቀረው ነው። "እነሱ እኮ ስኪ እግራቸው ላይ አድርገው ነው የሚወለዱት፤ የኔ ልጅ ምን በወጣው?" አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ከነከነኝ።

አባባሉ የራሳቸው የኖርዌጂያኖቹ ነው። እኛ ስኪ የምንለውን እነሱ "ሺ" ነው የሚሉት። መጀመሪያ ስሰማው አንድ ሺህ ምን ሊሠራ እግር ላይ እንደወጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ቃሉ ከጥንቱ የኖርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፍልጥ እንጨት ነው። ይኸው እሳት የምናነድበት ፍልጥ!

ጎረቤቴ ቴሌማርክ ገጠር ያደጉ አዛውንት ናቸው። አንድ ክረምት ጎተራቸው አስገብተው አባታቸው የጠረቡላቸውን የልጅነት ስኪ አሳዩኝ። እንጨት ሲፈለጥ ቀጥ ብሎ የወጣው፣ ጉጥ የሌለበት፣ እሳት ውስጥ አይገባም። ይጠረባል፤ ጫፉ በፈላ ውኃ ለስልሶ ይቆለመማል። ከዚያ ሁለቱን ሆድ ለሆድ ገጥመው መሃላቸው ጉማጅ ይሸጉጣሉ፤ ጫፍና ጫፉን ያስራሉ። ሲደርቅ መሃሉ እንደ ደጋን ብድግ ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ የጥድ ዝፍት በእሳት እያሞቁ ያጠጡታል። ሽታው ዛሬም ከጎተራው አልወጣም።

እንደኔ እንደኔ አባባሉ የተወለደው እዚያው የእንጨት ክምር አጠገብ ነው። ሚስት ስታረግዝ ባል ፍልጥ ሲመርጥ ይታየኛል። ማስረጃ ካላችሁኝ የአዛውንቱን ጎተራ ነው የማሳያችሁ።

አባባሉ ጉራ የሆነው ከተማ ሲገባ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 ሶንድረ ኑርሃይም የተባለ የሞርጌዳል (የቴሌማርክ መንደር ናት) ጭሰኛ፣ በ42 ዓመቱ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በስኪ ተጉዞ ክርስቲያኒያ (የዛሬዋ ኦስሎ) ገባና የስኪ ውድድር አሸነፈ። ከተሜው አፉን ከፍቶ ቀረ። ኖርዌጂያኑ አሳሽ ፍሪቾፍ ናንሰን ደግሞ በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠ። አገሪቱ ገና ከስዊድን ንጉሥ ሥር ናት፤ የምትኮራበት ነገር ትፈልጋለች። የጭሰኛው ፍልጥ ባንዲራ ሆነላት። ጭሰኛው ራሱ ግን በ1884 ኑሮ ፍለጋ አሜሪካ ሄዶ ነበር።

ዛሬ የቴሌቪዥን ተንታኙ ሜዳሊያ በተገኘ ቁጥር አባባሉን ያነሳል፤ ደም ውስጥ ያለ ነገር አስመስሎ። ማስታወቂያውም እንደዚያው። እኛ ደግሞ ልጅ ማስቀሪያ ሰበብ አደረግነው፤ እሱ ነው የባሰው።

ያቺ እናት እሁድ በረንዳዬ ላይ ብትሆን ደስ ባለኝ። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው። በጀርባው ተዘርሮ፣ ሁለቱን "ሺ"ዎች ወደ ሰማይ ሰቅሎ ያለቅሳል። አያትየው አላነሱትም። ጓንታቸውን አወለቁና ማሰሪያውን አጠበቁለት።