የብስክሌት ማርሽ ምንድን ነው? ምን አይደለምስ?

«21 ማርሽ ነው፣ ይበራል!» ብስክሌት ሲሸጥ የሚባለው ይህ ነው። ገዢው ወደ ቤቱ ሳይደርስ ሁለተኛው ምክር ይከተለዋል፦ «ቀላል ማርሽ የሰነፍ ነው፤ እግር የሚጠነክረው በከባዱ ነው።» ጀማሪው ይህን ሰምቶ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይገጥማል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አስሮ ይተወዋል። ከዚያ ጥፋቱ ለአዲስ አበባ ዳገት ይሰጣል።

ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንቴ እንደሚዞር የሚወስን የጥርስ ስሌት ነው። የፊቱን ጥርስ ቁጥር ለኋላው ማካፈል ነው፣ አለቀ። ገበያ ላይ የተለመደውን ባለ 21 ብስክሌት እንውሰድ፦ ፊት 28፣ 38 እና 48 ጥርስ፤ ኋላ ከ14 እስከ 28። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ 28 በ28 ላይ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 2.07 ሜትር፣ 48 በ14 ላይ 7.1 ሜትር ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያው ቀላሉ ማርሽ፣ ሁለተኛው ከባዱ ነው። ጉልበት የሚጨምር ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ሞተሩ እናንተው ናችሁ።

«ታዲያ ከባዱ ይፈጥናላ» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳህ ነው እንበል፤ በደቂቃ 40 ሊትር ማውጣት አለብህ። በ20 ሊትር ባልዲ 2 ጊዜ፣ በ5 ሊትር ባልዲ 8 ጊዜ ትስባለህ። የሚወጣው ውኃ እኩል ነው፣ ክንድህ የሚሰማው ግን እኩል አይደለም። ትልቁ ባልዲ ጡንቻ ይጨርሳል፣ ትንሹ ትንፋሽ ይጠይቃል። ትንፋሽ ጥቂት ደቂቃ ካረፉ ይመለሳል፤ የዛለ ጡንቻ ግን እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ማርሽ የባልዲው መጠን ነው። ባልዲ ስለተለቀ ጉድጓዱ ውኃ አይጨምርም።

በቁጥር እንየው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ይሁኑ፤ 5 በመቶ ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 140 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። በ28 በ28 ከሆነ እግር በደቂቃ 80 ጊዜ ይዞራል፣ ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው አማካይ ግፊት 10 ኪሎ ያህል ነው። በ38 በ18 ከሆነ ዙሩ 38 ብቻ ይሆናል፣ ግፊቱ ወደ 21 ኪሎ ይወጣል። ፍጥነቱ ያው 10 ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ጉልበት ነው፤ መገጣጠሚያውን ማለቴ ነው። (አማካይ ነው ያልኩት። እግር ወደ ታች በሚገፋበት ቅጽበት ከዚህ በጣም ይበልጣል።)

ባልዲውን እስከ ብርጭቆ ብናሳንሰውስ? ያኔ ባዶ ገመድ ማውረድና ማውጣት ራሱ ያደክማል። እግርም ክብደት አለው፤ ያልለመደ ሰው በደቂቃ ከ110 ዙር በላይ ሲያዞር ኮርቻው ላይ መዝለል ይጀምራል፣ ኃይሉም ራሱን እግሩን ለማወዛወዝ ይባክናል። ለብዙ ሰው ሜዳ ላይ ከ70 እስከ 90፣ ዳገት ላይ ከ60 እስከ 75 ይመቻል። የቀኝ ጉልበታችሁ ስንቴ እንደሚወጣ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት፣ መሣሪያ አያስፈልግም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፦ ኦክስጅን በላብራቶሪ ሲለካ፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ቆጣቢ ሆኖ የሚገኘው ከ50 እስከ 60 ዙር ነው። ያ ግን የትንፋሽ ቁጠባ ነው፤ ጭን እንዳይዝልና ጉልበት እንዳይታመም ሲታሰብ ዙሩ ከዚያ ከፍ ይላል። ኮርቻው ዝቅ ካለ ደግሞ የትኛውም ማርሽ ጉልበት ያሳምማል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ጥቂት ብቻ ታጠፍ ብሎ መቅረት አለበት።

ከባድ ማርሽ የጀግና ነው ለሚሉ፦ ቤልጂጋዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 52 በ14 ነበር የተጠቀመው። ሲሰላ በደቂቃ 104 ዙር አካባቢ ነው። ከባድ ማርሽ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን እግሩ በፍጥነት የሚያዞረው ማርሽ ነበር። ከተማዋን የመረጠው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳና ነጂውን ብዙ ስለማይገታ ነው። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲ ከፍ ትላለች፤ የእኛ ጀማሪ ግን በሳሳው አየር የሚያገኘው የትንፋሽ እጥረቱን ነው፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ቀለል ያለ ማርሽ ያስፈልገዋል።

21 የሚለው ቁጥርም ራሱ አያስተማምንም። ኋላ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24፣ 28 ከሆነ፣ 28 በ14 እና 48 በ24 ሁለቱም ልክ 2 ናቸው። 28 በ16፣ 38 በ22 እና 48 በ28 ሦስቱም 1.7 አካባቢ ናቸው። ተደጋጋሚውን ስታወጡ የሚቀረው 13 ያህል ነው። ባለ 7 ማርሽ የሆነ ደህና ብስክሌት ለብዙ ሰው ይበቃል። ሰው ብስክሌት የሚወደው ለማርሹ ብዛት አይደለም፤ መንገዱ ሲወጣና ሲወርድ እግሩ በራሱ ምት ስለሚቀጥል፣ በእግር 5 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ሰዓትም ሜዳ ላይ ሳይጨነቅ 15 ስለሚሄድ ነው።

መሪው ላይ ያሉት የማርሽ ቁጥሮች ግራ ያጋባሉ፦ በግራ እጅ 1 ማለት ትንሹ የፊት ጥርስ፣ በቀኝ እጅ 1 ማለት ትልቁ የኋላ ጥርስ ነው። ሁለቱም ቀላሎቹ ናቸው። ትንሹን ከትንሹ ወይም ትልቁን ከትልቁ አታጣምሩ፤ ካቴናው ተጣሞ ይሄዳል፣ ይፋጫል፣ ቶሎ ያልቃል።

ባልዲ የሚቀየረው ባዶውን ሲወርድ እንጂ ሞልቶ ሲሳብ አይደለም። ማርሽም እንዲሁ፦ ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፣ ፔዳሉን ማዞር ሳታቆሙ ለአንድ ዙር ብቻ ግፊቱን ቀንሱ። በሙሉ ግፊት ከተቀየረ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ይወጣል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል።

ካቴናው ከቀላሉ ማርሽ እንዳያልፍ የሚገድበው ብሎን ከላላ ካቴናው ከትልቁ የኋላ ጥርስ አልፎ በጎማው ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ያኔ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። ብሎኑ ያለው ከኋላው ጥርስ ሥር ባለው ማርሽ ቀያሪ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ «L» (ኤል) ተብሎ ተጽፎበታል። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ፣ ማርሽ ቀያሪው የተሰቀለበት ብረት ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ካቴናው ነው። ከአንዱ ፒን (ቁራጮቹን የሚያያይዘው ክብ ብረት) መሃል ጀምራችሁ ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሃል ስትለኩ አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። አርጅቶ ረዝሞ 307 ከደረሰ ይቀየር። አዲሱ ካቴና ስትረግጡት በአሮጌው የኋላ ጥርስ ላይ የሚዘል ከሆነ ጥርሱም አብሮ አልቋል፤ ያንን የትኛውም መካኒክ ብሎን በማጥበቅ አያስተካክለውም።