የኮርኒስ ቬንትሌተር፦ ከድሬዳዋ እስከ ሜሪላንድ

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከከፈታችሁ “ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል” የሚል ሰው አይጠፋም። ያው ሰውዬ ድሬዳዋ ሲወርድ ሽርጥ አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ይጋደማል። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀለው ፋን ለደገኛው ቅንጦት ሲሆን ለድሬ፣ ለጋምቤላ፣ ለሰመራና ለመተማ ሰው ግን እንደ አልጋ የግድ ነው።

ዕቃው የቆየ ነው። ለሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ሞተር የሠራው ጀርመን ተወላጅ አሜሪካዊ ፊሊፕ ዲል በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተሩ ላይ ክንፍ ገጥሞ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ሰውነታችንን የከበበውን ሞቃትና እርጥብ አየር ገፍቶ ላባችን ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል፣ ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ በቃ። ማንም በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር የሚውል ፋን ሥራው ቆጣሪ ማስቆጠር ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሞተሩ ራሱ ትንሽ ያሞቃል። ፍጆታው ግን ቀላል ነው። የተለመደው ዓይነት 75 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፣ ኤሲ ግን ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል።

ድሬ ላይ የሚከብደው ግንቦትና ሰኔ ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የፋኑ ነፋስ ራሱ ትኩስ ይሆናል። ያኔ ገላን ማርጠብ ወይም እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይረዳል። ሰመራ ላይ እንደሚያጋጥመው 40 ሲያልፍ ደግሞ ፋኑ ጭራሽ ሰውነትን ሊያሞቅ ስለሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አትጠቀሙ ይላል። ማታ ሌላ ነው፦ መስኮት ከፍቶ ፋኑን መልቀቅ ግድግዳው ቀን ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት ለማስወጣት ይረዳል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን አሠሩ፣ አለበለዚያ ጣሪያ ሥር የታጎረውን ትኩስ አየር ወደ ራሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ዝቅተኛው ፍጥነት ይበቃል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አያስፈልግም።

ትንኝም አለ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፣ የደንጊ ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው በአብዛኛው ቀን ነው። ትንኝ ነፋስ ላይ መብረር ስለሚቸግራት ፋን ያግዛል፣ አጎበርን ግን አይተካም። አጎበሩ ነፋሱን ይቀንሰዋል፣ ቢሆንም ቻል ማድረግ ነው። ክንፉ እንዳይጠልፈው ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ፋናችሁ ላይ አቅጣጫ የምትቀይር ትንሽ ማብሪያ ታገኙ ይሆናል። በበጋቸው ነፋሱ ወደ ታች ይምጣ፤ ከሥር ቆማችሁ ስታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ይሽከረከራል። ሂተር በሚበራበት ወቅት ገልብጡትና በዝግታ ይዙር፣ ኮርኒስ ሥር የተከማቸው ሙቀት በግድግዳው በኩል ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ሜሪላንድ ውስጥ ጣሪያው ዝቅ ያለ አፓርታማ ላላችሁ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከፍ ያለ ሳሎን ላለው ይሠራል።

ሲሰቀል ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ይበል፣ መንጠቆውም ቺፑድ ላይ ሳይሆን ስላቡ ወይም ወፍራም እንጨት ላይ ይታሰር። ከተወዛወዘ ብሎኑን አጥብቁ፣ የክንፉን አቧራ ጥረጉ። እየደከመ ከመጣ ወይም በእጅ ካልገፉት አልነሳ ካለ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ፤ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) ነው፣ ኤሌክትሪሺያን በጥቂት ደቂቃ ይቀይረዋል።