የሃዋይ ትልቁ ደሴት በሰሜን ሸዋ ሰው ዓይን

ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ያደገ ሰው ሃዋይ ሲባል ቶሎ ሚመጣለት ዘንባባ፣ አሸዋና አንገቱ ላይ አበባ ያንጠለጠለ ቱሪስት ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ስለ ትልቁ ደሴት ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ወደ ጣርማበር ተራራችን ዞረብኝ። ደሴቱ ስሙ ራሱ ሃዋይ ነው፣ ከግዛቱ ስም ጋር እንዳይምታታ ነው ሰው ቢግ አይላንድ ሚለው። ስፋቱ 10,430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምስት እሳተ ገሞራ ተደራርቦ የሰራው ነው፦ ኮሃላ፣ ማውና ኬያ፣ ሁዋላላይ፣ ማውና ሎዋ እና ኪላዌያ። ስድስተኛው ባህር ውስጥ ነው፣ ጫፉ ከውሃው በታች 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ገና እያደገ ነው።

አሰራሩን በምድጃና በምጣድ ብታስቡት ይገባችኋል። ከመሬት ስር አንድ ቦታ ላይ የሚነድ ምድጃ አለ፣ ከላዩ ያለው የፓስፊክ ፕሌት ሚባለው ሰፊ የምድር ቅርፊት ደግሞ በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይንሸራተታል፣ ማለት ምድጃው ባለበት ሆኖ ምጣዱ ነው ሚሄደው። ስለዚ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያሉት ደሴቶች እድሜያቸው የገፋ፣ እሳታቸው የጠፋና በዝናብ የተሸረሸሩ ናቸው፣ ትልቁ ደሴት ግን ምድጃው ላይ ስላለ ገና ትኩስ ነው።

የኛም ተራራ ከዚሁ ዘር ነው። የምኒልክ መስኮት ጋ የበግ ፀጉር ኮፍያ ሚሸጡት ልጆች ከበዋችሁ ቁልቁል ስታዩ ገደሉ ላይ ንብርብር ሆኖ ሚታየው ጥቁር ድንጋይ የቀዘቀዘ ላቫ ነው፣ የጂኦሎጂ ሰዎችም ጣርማበር ባዛልት ብለው በቦታው ስም ይጠሩታል። የመገዘዝ ተራራም እንደ ማውና ሎዋ ቀጭን ላቫ በሰፊው እየፈሰሰ የከመረው ጋሻ መሳይ እሳተ ገሞራ ነው፣ ልዩነቱ የኛ እሳት ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመት ሆኖታል። ከታች ስምጥ ሸለቆው ግን አልተኛም፣ በ2017 ዓ.ም. ታህሳስና ጥር ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የከረመው ማግማ ሚባለው የቀለጠ ድንጋይ ከስር መንገድ እየሰነጠቀ ስለነበር ነው።

እዛ ደሴት ላይ ግን እሳቱን ሄደህ ታየዋለህ። ኪላዌያ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ከ1983 እስከ 2018 ያለማቋረጥ በሚባል ደረጃ ሲፈስ ኖሮ በ2018 ከ700 በላይ ቤት በላ፣ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ እያረፈ እየተነሳ ሲረጭ አንዳንዴ ከ300 ሜትር በላይ ይወጣል። ማውና ሎዋም 38 ዓመት ተኝቶ በኖቬምበር 2022 ተነሳ። የሁለቱ ቦታ በ1916 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፣ በ1987 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የእግር መንገድ ለሚወድ ኪላዌያ ኢኪ ሚባለው አለ፣ በ1959 የላቫ ሐይቅ የነበረው ጉድጓድ አሁን ደርቆ ሰው መሃሉን አቋርጦ ይሄዳል፣ ከስንጥቁ ውስጥ አሁንም እንፋሎት ይወጣል። የአካባቢው ሰው እሳተ ገሞራውን የፔሌ ማደሪያ ነው ይላል፣ ፔሌ የእሳት አምላካቸው ናት፣ ድንጋይ ይዘህ ከሄድክ ክፉ ይከተልሃል ይባላል፣ ድንጋዩን በፖስታ ሚመልሱ ቱሪስቶች አሉ። የቆሌ ነገር ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ደስ ወዳለኝ ልምጣ። ማውና ኬያ ጫፉ 4,207 ሜትር ነው፣ ከውሃው በታች ባህሩ መሬት ላይ ካለው ስሩ ከተለካ ደግሞ ከኤቨረስት ይረዝማል። ጫፉ ላይ ወዳሉት የኮከብ ማያ ቴሌስኮፖች ለመውጣት ሰው መንገድ ላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ቆሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳንባውን እንዲያለማምድ ይመከራል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት! እነሱ ትንፋሽ ሚሰበስቡበት ከፍታ ላይ እኛ ተወልደን ኳስ ተጫውተናል ማለት ነው። በዳይቪንግ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ግን 24 ሰዓት ሳይሞላው እዛ ተራራ መውጣት የለበትም፣ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል።

ተራራው ላይ ሲልቨርስወርድ ሚባል ብርማ ተክል አለ፣ ዓመታት ሙሉ ቁጭ ብሎ ከርሞ አንዴ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል። መንዝ ጓሳ ላይ ጅባራ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፣ ዝምድና ሳይኖራቸው ብርዱና ከፍታው ነው አንድ ዓይነት ኑሮ ያስተማራቸው። ጓሳን የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ መሬት አጠባበቅ ስርዓት ሳሩን ለዓመታት እየዘጋ ጠብቆ እንዳቆየው ሁሉ የድሮ ሃዋዮችም መሬቱን ከተራራ ጫፍ እስከ ባህሩ ድረስ ሸንሽነው፣ ዓሣው ሚራባበት ጊዜ ማጥመድ ካፑ በሚባለው የክልከላ ህጋቸው ይከለክሉ ነበር፣ ካፑ ያፈረሰ እስከ ሞት ይቀጣ ነበር።

ባህሩ ላይ ስንመጣ እኛ በሬሳ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ብዙ ሚያስመካ ነገር የለንም። ኮና በሚባለው በደረቁ የምዕራብ ዳርቻ ማታ ጀልባ ወጥቶ ውሃው ላይ ኃይለኛ መብራት ይበራል፣ መብራቱ ጋ ፕላንክተን ሚባሉ ደቃቅ የውሃ ፍጥረታት ይሰበሰባሉ፣ እነሱን ፍለጋ ማንታ ሬይ ይመጣል። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 3 እና 4 ሜትር ሚሆን ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፣ አፉን እንደ ቁና ከፍቶ፣ ነጭ ሆዱን ወደ ላይ እያዞረ፣ ከሰው ፊት አንድ ክንድ እስኪቀር ተጠግቶ ይገለበጣል፣ መርዘኛ ጅራት የለውም፣ አይናከስም። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደግሞ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋኝተው ለመውለድ ይመጣሉ። ፑናሉዑ ላይ አረንጓዴ ኤሊዎች ጥቁር አሸዋ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አሸዋው ጥቁር የሆነው ትኩስ ላቫ ባህር ሲነካው ተሰባብሮ ነው። ኬዓላኬኩዋ ወሽመጥ በ1779 የእንግሊዙ አሳሽ ካፒቴን ኩክ የተገደለበት ቦታ ነው፣ ዛሬ ስኖርክል ለሚያደርግ (በመተንፈሻ ቱቦ ለሚዋኝ) ሰው ኮራሉ ደስ ይላል።

ህጉ ጠበቅ ያለ ነው፣ ተገቢም ይመስለኛል። ስፒነር ዶልፊኖች ሌሊት አድነው ቀን ስለሚተኙ ከ2021 ጀምሮ ከ45 ሜትር በታች መጠጋት ክልክል ነው፣ ኮራል ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ያሉበት የፀሐይ ቅባት መሸጥም በዛው ዓመት ቆሟል።

ኮና ቡናም አለው፣ በ1828 ነው የተተከለው፣ ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት ደመና ስለሚያገኝ ይስማማዋል፣ ዋጋው አይጠየቅም፣ ዘሩ ከየት እንደወጣ ለእናንተ አልነግርም። የሰዓት ልዩነቱ 13 ነው፣ እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ ላይ ስንሆን እዛ የትናንቱ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ ጀልባዎቹ መብራታቸውን አብርተው ማንታ ሚጠብቁበት ሰዓት።